መናፈሻው ማንን ያስቀምጣል?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በአዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት ከታደሱት መናፈሻዎች በአንዱ፣ አንዲት እናት በአበባ መደብ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን የጫማ ክር ሲያስሩ አየሁ። ጥበቃው ወጣት ነው፤ ትሕትናም አለው። «እማማ፣ ይነሱልኝ፤ እዚህ መቀመጥ አይፈቀድም» አላቸው። እሳቸውም ሳይቆጡ «ታዲያ የት ልቀመጥ፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱ ግራና ቀኙን ቃኘ። ያሉት ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች ተይዘዋል፤ የቀረው ሁሉ ሣር፣ አበባና የድንጋይ ንጣፍ ነው። የሚላቸው ጠፋው። እሳቸው ልጁን ይዘው ወደ በሩ አመሩ።

ተከትዬ ወጥቼ አነጋገርኳቸው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ናቸው። ስኳር አለባቸው፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ ሐሳባቸውን ግን አልደበቁም። «ሐኪሙ በየቀኑ ይራመዱ አለኝ። መራመዱን እችላለሁ። ሰው መሐል ላይ አረፍ ካላለ ግን እንዴት አድርጎ ይራመዳል? ይሄ ቦታ እለፊ ይላል እንጂ እረፊ አይልም።»

ስለ ከተማ ሰው ጠባይ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ሰውየው ነው። ሣር ይረግጣል፣ አጥር ሥር ይሸናል፣ ቆሻሻ ይጥላል፣ ሥራ ፈትቶ ይውላል እንላለን። ቦታውን ጠይቀነው አናውቅም። ብዙ ካነበብኩና ብዙ ሰው ካነጋገርኩ በኋላ የደረስኩበት እምነት ይህ ነው፦ ሰው መናፈሻ ውስጥ የሚያሳየው ጠባይ በአብዛኛው በበሩ፣ በመቀመጫው፣ በመጸዳጃው፣ በጥላውና በመንገዱ አስቀድሞ ይወሰናል። ማን እንደሚመጣና ማን ቤቱ እንደሚቀርም የሚወሰነው እዚያው፣ ንድፉ ላይ ነው።

የቅርብ ዓመታት ታሪክ፣ መቶ ዓመት ያለፈው ጥያቄ

አንባቢ የሚያውቀውን ለማስታወስ ያህል፣ የወንዝ ዳርቻዎችን የማልማትና ሸገርን የማስዋብ ዕቅድ ይፋ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነበር። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ ነው ተባለ፤ ወጪው 29 ቢሊዮን ብር ተገመተ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አንድ እንግዳ 5 ሚሊዮን ብር የሚከፍልበት «ገበታ ለሸገር» ተዘጋጀ። በ2012 ዓ.ም. መግቢያ አንድነት ፓርክ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ጳጉሜን ወዳጅነት ፓርክ፣ በ2013 ዓ.ም. መስከረም እንጦጦ ፓርክ፣ በሰኔ ደግሞ የታደሰው መስቀል አደባባይ ተከተሉ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችን፣ ፏፏቴዎችንና አረንጓዴ ቦታዎችን ጨምሯል።

ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ከዚያ በፊት የነበረውን የሚያስታውስ ሰው ያውቀዋል። ብሔረ ጽጌ መናፈሻ በቅዳሜና እሑድ የሙሽሮች ፎቶ መነሻ ነበር፤ በሌላው ቀን ጸጥ ይላል። በ1940 ዓ.ም. የተመሠረተው የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ የትምህርት ቤት ሕፃናት ደስታ ነበር። ከእነዚህና ከጥቂት ሌሎች ውጪ አብዛኛው ሰፈር መናፈሻ የሚለውን ነገር በስም ብቻ ያውቅ ነበር። ዛሬ ከተማዋ ውስጥ አረንጓዴ ቦታ አይቶ ደስ የማይለው ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ጥያቄው ግን ከከተማዋ ጋር ያደገ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መናፈሻ ተብሎ የተለየ ቦታ አልነበራትም። የመሳፍንቱ ግቢዎች፣ በግቢዎቹ መካከል የቀሩ ሜዳዎች፣ ወንዞችና የቤተ ክርስቲያን ቅጥሮች ነበሯት። ጃን ሜዳ ከእነዚህ ሜዳዎች የተረፈ ነው። ጥምቀት ይከበርበታል፣ አገር አቋራጭ ሩጫ ይካሄድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ሜዳው ሲዛወር የከተማው ሕዝብ ያሳየው ስጋትና ሜዳው የተመለሰለት ጊዜ ያሳየው እፎይታ፣ ክፍት ሜዳ ለዚህ ሕዝብ ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ ያሳያል።

ንድፍ ሰውን እንዴት እንደሚለይ ደግሞ ጣሊያን በግልጽ አሳይቶናል። በ1928 ዓ.ም. ከገባ በኋላ በጉይዲና በቫሌ በተባሉ ጣሊያናውያን ነዳፊዎች የተዘጋጀው ፕላን ከተማዋን የጣሊያኖችና የአገሬው ሰው ብሎ ለሁለት ይከፍል ነበር። ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ዛሬ መርካቶ የምንለው የሆነው በዚያ አስተሳሰብ ነው። ዘረኛው ሕግ ተሽሮ ጣሊያንም ተባሮ ሄዷል፤ የመርካቶ ቦታ ግን እስከ ዛሬ እዚያው ነው። በወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር ካሰመሩት ሰዎች በላይ ዕድሜ አለው።

በተቃራኒው ያለውን ለማየት መስቀል አደባባይን በንጋት ማየት ይበቃል። በደርግ ዘመን፣ አብዮት አደባባይ ሳለ፣ የሃንጋሪው አርክቴክት ቻርልስ ፖሎኒ እጁ ባለበት ንድፍ እንደ ቲያትር ደረጃ በደረጃ የተሠራው ሰልፍ ለሚመለከት ሕዝብ ነበር። ሕዝቡ ግን ሌላ ጥቅም አገኘለት። ገና ሳይነጋ ሯጮች ደረጃውን ከዳር እስከ ዳር ይመላለሱበታል። ከኋላቸው ክብደት የሚቀንሱ እናቶች፣ ከእነሱ አጠገብ ቆመው የሚያወሩ ተማሪዎች አሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ቦታው ያለ ትኬት ይገባበታል፤ ጠርዙም ሁሉ መቀመጫ ነው።

ካሜራ የያዘው ሰው

ቦታ የሰውን ጠባይ እንዴት እንደሚወስን በዓይን እያዩ በመቁጠር ካጠኑት ቀዳሚዎች አንዱ አሜሪካዊው ዊልያም ኋይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ከረዳቶቹ ጋር በአደባባዮችና በትናንሽ መናፈሻዎች ዙሪያ ካሜራ ተክሎ ሰው የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ መዘገበ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1980 በመጽሐፍና በፊልም አወጣው። ያገኘው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፦ ሰው በብዛት የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። የቦታው ስፋትም ሆነ የሕንፃው ውበት ይህን ያህል ልዩነት አላመጣም። ከምንም በላይ ሰውን የሚስበው ሌላ ሰው ነው።

እነዚያን የአበባ መደብ ጠርዞች እያሰብኩ ሳነብ አንድ ታሪክ ልቤን ነካው። እ.ኤ.አ. በ1958 የተጠናቀቀው የሲግራም ሕንፃ አደባባይ ከኋይት ተወዳጅ ቦታዎች አንዱ ነበር። ሰው በግራና ቀኝ ባሉት ዝቅተኛ የድንጋይ ጠርዞች ላይ ተደርድሮ ምሳውን ይበላል። ሕንፃውን አብሮ የነደፈው ፊሊፕ ጆንሰን እንደተናገረው፣ ዋናው አርክቴክት ሚስ ቫን ደር ሮኸ ሰው እዚያ እንደሚቀመጥ ፈጽሞ አላሰበም ነበር፤ ሲያይም ተደነቀ። ልዩነቱ፣ እዚያ የሚያስነሣ ሰው አልነበረም። ከኋይት ጥናት በኋላ ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1975 ደንቧን አሻሽላ፣ አደባባይ የሚሠራ ባለ ሕንፃ ለቦታው ስፋት ተመጣጣኝ ርዝመት ያለው መቀመጫ እንዲሠራ አስገደደች።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ብራያንት ፓርክ ነው። በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ያለው ይህ መናፈሻ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአደንዛዥ ዕፅ ሻጮች መናኸሪያ ሆኖ ነበር። ብዙ ሰው ችግሩ ጥበቃ ማነሱ ነው ይል ነበር። ኋይት ሌላ ነገር አየ። መናፈሻው ከመንገዱ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፤ በብረት አጥርና በረጅም ቁጥቋጦ ተከቧል፤ መግቢያዎቹም ጠባብና ጥቂት ናቸው። ከውጭ የሚያልፍ ሰው ውስጡን አያይም፤ ውስጥ ያለውም ቶሎ መውጫ የለውም። ስለዚህ ተራው ሰው ሸሸ፤ የሸሸበትን ቦታ ሌላው ያዘው። መናፈሻው እ.ኤ.አ. በ1988 ተዘግቶ በ1992 ሲከፈት ቁጥቋጦው ተነሥቶ፣ መግቢያዎቹ ሰፍተው፣ ሰው እንደፈለገ የሚያንቀሳቅሳቸው ወንበሮች ተበትነው፣ መጸዳጃ ቤቱም ታድሶ ነበር። ወንበሮቹ ይሰረቃሉ የሚል ስጋት ነበር፤ አብዛኞቹ ግን በቦታቸው ቆዩ። ኋይት ስለ ወንበር የጻፈው ደስ የሚል ነው። ሰው ሊቀመጥ ሲል ወንበሩን ጥቂት ጣት ያህል ፈቀቅ ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። በዚያች ትንሽ እንቅስቃሴ ቦታው የእሱ መሆኑን ያረጋግጣል።

ነገሩ ነቀፋ አላጣም። ብራያንት ፓርክን የሚያስተዳድረው የግል ድርጅት ነው፤ ቤት የሌላቸው ሰዎች ከዚያ ተገፍተዋል የሚሉ ተቺዎች ብዙ ናቸው። ከኋይት መለኪያዎች አንዱ ግን አገር ሳይለይ ይሠራል። አንድ ቦታ ደህና መሆኑን ለማወቅ ከፈለግህ ከተቀመጡት መካከል ሴቶች ምን ያህል እንደሆኑ ተመልከት ይላል። ሴቶች ቦታ ሲመርጡ ይጠነቀቃሉ፤ ቁጥራቸው ከቀነሰ ቦታው የሆነ ችግር አለበት ማለት ነው።

ልጃገረዶቹ የት ሄዱ?

ይህን ጥያቄ በከተማ አስተዳደር ደረጃ አንሥታ መልስ የሰጠችው ቪየና ናት። ኢቫ ካይል የተባሉት የከተማው ፕላነር እ.ኤ.አ. በ1991 የአደባባዩ ቦታ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ኤግዚቢሽን ካዘጋጁት አንዷ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተደረገ ጥናት፣ ልጃገረዶች ዘጠኝ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ከመናፈሻ እንደሚጠፉ፣ ወንዶቹ ግን እንደሚቆዩ ታየ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። መሐል ላይ አንድ ሰፊ ሜዳ አለ፤ ኳስ የያዙ ወንዶች ይይዙታል፤ ልጃገረዶቹ ከእነሱ ጋር ከመጋፋት ቤት መቅረትን ይመርጣሉ።

ከተማው እ.ኤ.አ. በ1999 በአምስተኛው ወረዳ ሁለት መናፈሻዎችን እንደገና አሠራ። የእግር መንገድ ተጨመረ፤ የመረብ ኳስና የባድሚንተን ሜዳ ተዘጋጀ፤ አንዱ ሰፊ ቦታም በተክል እየተከፈለ ትናንሽ ቦታዎች ወጡለት። ልጃገረዶቹ ተመለሱ። ወንዶቹ አልተባረሩም፤ ሁሉም የየራሱን ጥግ አገኘ። ለዚህ ለውጥ ስብከትም ዘመቻም አላስፈለገም።

እኛስ ጋ? ከሰዓት በኋላ በየሰፈሩ በቀረችው ሜዳ ላይ የምናየውን እናውቃለን። ወንዶች ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ሴት ልጆች እናታቸውን ያግዛሉ፣ ወይም በር ላይ ቆመው ያያሉ። ልማድ ነው ይባላል። ልማድ መሆኑ እውነት ነው፤ ልማዱ ግን በሜዳው ቅርጽ ይጠነክራል ወይም ይላላል። በአዳዲሶቹ መናፈሻዎች ሴት ልጆች በብስክሌትና በስኬት ሲጫወቱ ማየታችን ይህንኑ ያረጋግጣል፤ ቦታው ሲፈቅድላቸው መጡ።

በሩ፣ ወንበሩ፣ መጸዳጃው

በር የመጀመሪያው ውሳኔ ነው። አንድነት ፓርክ ሲከፈት መደበኛ መግቢያው 200 ብር፣ ልዩው ደግሞ 1,000 ብር ነበር። የታሪክ ሙዚየምን በገንዘብ ማስጎብኘት ያለ ነገር ነው። ነገር ግን ትኬት የተለመደ ሲሆን መናፈሻ የዓመት በዓል ጉብኝት ይሆናል፤ የየዕለት ማረፊያነቱ ይቀራል። እኚያ እናት ሒሳቡን በቃላቸው ያውቁታል። «ሃያ ብርም ቢሆን ብር ነው። ለእኔና ለልጁ ከፍዬ፣ የታክሲ ደርሶ መልስ ጨምሬ፣ ልጁ ጭማቂ አይቶ ሲያለቅስ ገዝቼለት፣ የቀኑ ወጥ አለቀ ማለት ነው።» እንጦጦን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ መኪና የሌለው ሰው ልጅ ይዞ የሚወጣው ከፍታ አይደለም። ያ ተራራ ለብዙ ዘመን እንጨት ተሸካሚ እናቶች ጎንበስ ብለው የወረዱበት መሆኑን ስናስብ፣ ማን እንደሚዝናናበት መጠየቅ የፍትሕ ጉዳይ ይሆናል።

ወንበርን በተመለከተ ጥበቃውን ሌላ ቀን ለብቻው አግኝቼው ነበር። «ሣሩ ከተጎዳ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሰው ቆሞ ስለመዋሉ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለኝ። እናትየው ራሳቸው አልፈረዱበትም፤ «ልጁ ምን ያድርግ? ያዘዙትን ነው» ብለዋል። ወንበር መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ሊኖረው ይገባል፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ተደግፎ ካልሆነ አይነሣም። ይኸው የእጅ ማሳረፊያ መሐል ላይ ሲደረግ ደግሞ ጎዳና ላይ የሚያድረው ሰው ጋደም እንዳይል ይከለክለዋል። በብዙ የዓለም ከተሞች ሆን ተብሎ ለዚህ ተሠርቷል። ዳርና ዳር ላይ ካደረግነው ግን አንዱን ስንረዳ ሌላውን አንገፋም። አንድ ብረት የሚበየድበት ቦታ ይህን ያህል ይወስናል።

ስለ መጸዳጃ እናትየው የተናገሩትን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። «ከቤት ስወጣ ውሃ አልጠጣም።» የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። መጸዳጃ የሌለው ወይም የተቆለፈ መናፈሻ ለጤና ይራመዱ የተባሉትን ሴት ውሃ ያስጠማል፤ ወንዱን ደግሞ አጥር ሥር ይልከዋል። ቀጥሎ የምንወቅሰው «ጠባዩን» ነው።

አካል ጉዳተኞችን በተመለከተ ሕጉ አልጎደለም። የሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 624/2001፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዟል። በ2002 ዓ.ም. አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። በአንዳንድ አዳዲስ የእግረኛ መንገዶች ላይ ለዐይነ ስውራን አቅጣጫ የሚጠቁም ንጣፍ መታየቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ከተማችን ተዳፋት ናትና ፈተናው ደረጃ ነው። በደረጃ ብቻ የሚወጣ መናፈሻ በዊልቸር ለሚሄደው፣ ሕፃን በጋሪ ለምትገፋው እናትና ዱላ ለያዘው አዛውንት የተዘጋ በር ነው።

ሌላው የተረሳ ሰው ሻጭ ነው። ደንብ አስከባሪ የሚያባርራት የጀበና ቡና ወይም የቆሎ ሻጭ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቦታ ትውላለች፤ መጪና ሂያጁን ታውቃለች፤ የጠፋ ልጅ ታያለች። ኋይትም የምግብ ሻጮች ሰውን እንደሚሰበስቡ አስተውሏል። ከደንበኛ ካፌ ጎን ለእሷም የተፈቀደ ጥግ ቢሰጣት መናፈሻው አንድ ተጨማሪ ጠባቂ ያገኛል፤ ገቢው ትንሽ የሆነውም ሰው በአቅሙ ቡና ይጠጣል።

እናትየው አሁን ብዙውን ጊዜ የሚያሳልፉት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። «እዚያ ማንም ለምን መጣሽ አይለኝም። ዛፍ ሥር ድንጋይ አለ፤ እቀመጣለሁ። ልጁ ግን እዚያ አይጮህም፣ ኳስ አይመታም። እሱ የሚሮጥበት፣ እኔ የማርፍበት አንድ ቦታ ነው የምፈልገው።» ሁሉን አቃፊ መናፈሻ ምን እንደሆነ ካነበብኩት ሁሉ የእሳቸው አገላለጽ ይበልጣል።

መልስ ያላገኘ ጥያቄ

የከተማውን አረንጓዴ ሥራ ከሚከታተሉ ኃላፊዎች አንዱን አነጋግሬ ነበር። ስለ ችግኙ፣ ስለ መብራቱና ስለ ውሃው በዝርዝር አስረዱኝ። ምን ያህል ሰው ይቀመጣል ተብሎ እንደታቀደ፣ ሰው ከአበባ መደብ ጠርዝ የሚነሣው በየትኛው ደንብ እንደሆነና ንድፉ ሲወጣ ነዋሪ ተጠይቆ እንደሆነ ስጠይቃቸው ጥያቄው በደብዳቤ እንዲቀርብ አዘዙ። በደብዳቤ አቀረብን። መጽሔቱ ለኅትመት እስከገባበት ጊዜ ምላሽ አልደረሰንም።

ነዋሪን የመጠየቁ ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ የመናፈሻ መሬት ቀድሞም ባዶ አልነበረም። የኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1857 ሴኔካ ቪሌጅ የተባለው፣ አብዛኞቹ ነዋሪዎቹ ጥቁሮች የነበሩበት መንደር ፈርሷል። የዚያ መንደር ታሪክ በአግባቡ መነገር የጀመረው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ቤተሰቦች የኖሩበት ቦታ ዛሬ ሲያምር፣ ቢያንስ መጥተው የሚቀመጡበት መሆን አለበት።

ንድፉ ሰውን ሲረሳ ውጤቱ በአጭሩ ይህ ነው። የሚራመድ አዛውንት ቤት ይቀራል፤ ሕመሙም ይበረታል። ልጃገረድ ዘጠኝና አሥር ዓመት ሲሞላት ጨዋታ ያበቃላታል። ያለውና የሌለው በአንድ አግዳሚ ላይ ካልተገናኘ አንዱ ሌላውን በመኪና መስኮት ብቻ እያየ ያረጃል።

ኢትዮጵያ የተቀበለችው የዘላቂ ልማት ግብ 11 እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለሁሉም፣ በተለይም ለሴቶች፣ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ደህንነቱ የተጠበቀ አረንጓዴና የሕዝብ ቦታ እንዲኖር ይጠይቃል። ቀኑ ሩቅ አይደለም። ለዚህ ተጨማሪ ቢሊዮን አያስፈልግም። መደገፊያ ያለው ወንበር በየጥቂት እርምጃው ይተከል፤ የአበባ መደቡ ጠርዝ ሰው እንዲቀመጥበት ተደርጎ ይሠራ፤ መጸዳጃው ቀኑን ሙሉ ክፍት ይሁን፤ የሰፈር መናፈሻ መግቢያ ነጻ ይሁን፤ ትልልቆቹም ቢያንስ ለጡረተኛና ለተማሪ በሳምንት ጥቂት ቀን በነጻ ይከፈቱ። የጥበቃው መመሪያ በጽሑፍ ወጥቶ በር ላይ ይለጠፍ።

አንባቢም ድርሻ አለዎት። በሰፈርዎ መናፈሻ ሊሠራ ሲታሰብ ንድፉን ለማየት ወረዳዎን ይጠይቁ። የተሠራውንም ሲጎበኙ ከአበባው በፊት ሰዎቹን ይመልከቱ፤ ማን እንደሌለ ይቁጠሩ፤ የሌለውም ሰው ለምን እንደቀረ ይጠይቁ። ይህን ጥያቄ ደጋግመን ካልጠየቅን የሚጠይቅልን የለም።